የተወካያችን እጅ

የሰው እጅ መቼ እንደተነሳና መቼ እንዳልተነሳ የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። እጁ የኔ አይደለም፤ በምክር ቤት የኛን ሰፈር የሚወክለው ሰውዬ ነው። ደብተሩን ያየ ሁሉ ሥራ ፈት ይለኛል። ይበል። እኔ ጣና ዳር ደንገል አጭጄ፣ አድርቄ፣ አስሬ ታንኳ እሠራለሁ። ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ዓሣ አጥማጁም ሌላ ፍለጋ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው ሥራ አይፈታም።

ማንበብ የተማርሁት አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ፣ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀት ሲመጣልኝ አውራ ጣቴን ቀለም እያስነከርሁ አትም ነበር። ስንት ወረቀት ላይ እንዳተምሁ አላውቅም። ከነሱ አንዱ የአባቴን የደንገል ቦታ ግማሹን እንደወሰደው የገባኝ የሰው ግንብ ከቆመበት በኋላ ነው። «ፈርመሃል እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጣቴ እዚያው ወረቀቱ ላይ ነበረች። መምህርቷ «ጎበዝ ነዎት» ስትለኝ የጉብዝና አልነበረም፣ የቂም ነበር።

ማንበብ መቻሌ ሲሰማ የሰፈራችን እድር ስም ጠሪ አደረገኝ። የቀድሞው ስም ጠሪ ዓይኑ ደክሞ፣ ከተቀበሩ የቆዩ ሰዎችን እየጠራ «የት ሄደ?» ማለት ጀምሮ ነበር። በኛ እድር ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ስም ይጠራል። የሌለ ሰው ከስሙ ጎን «ቀ» ይጻፍበታል፤ ቀረ ማለት ነው። ቅጣቱ ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብማ ላለው ሰው ቅጣት አይሆንም ብለው ሽማግሌዎች ድሮ ቆርጠውታል። ሦስት «ቀ» የሞላበት ሰው፣ ሹም ይሁን ተራ ሰው፣ ለሚቀጥለው ለቅሶ የድንኳኑን ብረቶች ከእድሩ መጋዘን እስከ ለቅሶው ቤት በገዛ ትከሻው ይሸከማል። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው።

ተወካያችንም የእድራችን አባል ነው። አባቱ ሲሞቱ በሳቸው ቦታ ተተካ። እናቱ መንኩሰው እዚሁ ሰፈር ይኖራሉ፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። እሱ ራሱ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ቤት ሠርቶ ወጥቷል። ከስሙ ጎን ሁለት «ቀ» ነበረበት።

የእጁ ደብተር የተጀመረው ዓሣ ቤት ነው። ከታንኳ መሥሪያዬ ከፍ ብሎ አንዲት ሴት ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የተሳለ። ቴሌቪዥኗ ከከፈተችው አይቀየርም፤ ሪሞቱ የጋለ ዘይት ውስጥ ወድቆ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ የምክር ቤቱ ጉባኤ ሲተላለፍ አምባዛ የሚበላው ሰው ሁሉ ወዶም ባይሆን ጉባኤተኛ ነው።

ተወካያችን ምሰሶ ሥር ነው የሚቀመጠው። ፊቱን ምሰሶው ይጋርደዋል። የሚታየው ቀኝ እጁ ብቻ ነው፤ እንደ ሰው ግራው ላይ አያስርም፣ ቀኙ ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ወርቃማ ሰዓት አለው። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» ሲሉ ሰዓቱ ያብለጨልጫል። «የምትቃወሙ» ሲሉ ምንም የለም። «ድምፀ ተአቅቦ» ሲሉ ምንም የለም። ስም ጠሪ የሆነ ሰው ዝም ብሎ ማየት አይችልምና ከትምህርት በተረፈኝ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ጉዳዩንና «ተነሳ» የሚለውን መጻፍ ጀመርሁ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ «አልተነሳም» ብዬ የጻፍሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶብን ነበር። በኋላ ግፍ መሰለኝና ሰረዝሁት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሐይቁ ዳርቻ ጉዳይ ቀረበ። ዳርቻው ይታጠርና ለመዝናኛ ይሰጥ የሚል ደንብ ነው። አጥሩ የሚያልፈው በቀረኝ ግማሽ ቦታ ላይ ነው፤ ከታጠረ ደንገል ማጨድም፣ ታንኳ ወደ ውሃ ማውረድም ቀረ ማለት ነው። «የምትደግፉ» ከመባሉ ሰዓቱ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ።

ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንተ ሽማግሌ፣ የሸጠህ ይሄ ነው?»

«የሸጠን በይ። አንቺስ ዓሣውን ከየት ልታመጪ ነው?»

«እኔማ ዶሮ እጠብሳለሁ። አንተ ነህ እንጂ ለዶሮ ታንኳ የማትሠራላት።»

ደንቡ ጸደቀ። «ተነሳ» ብዬ ጻፍሁ። እርሳሱ ወረቀቱን ቀደደው።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰፈራችንን አናጺ ቀበርን። ከቀብር መልስ ስም ጠራሁ። የተወካያችንን ስም ሦስት ጊዜ ጠራሁ፣ የሚመልስ የለም። ሦስተኛውን «ቀ» ጻፍሁ። ቅጣቱን ግን ማን ደፍሮ ይንገረው? ሽማግሌዎቹ «ሹም ነው፣ ትንሽ እንታገሥ» አሉ። ለኔ ሲሆን ታግሠው አያውቁም።

ወር ሳይሞላ ከተወካያችን ባለቀለም ወረቀት መጣ። «ለውድ መራጮቼ» ይላል። ችግኝ ሲተክል ፎቶ አለው፣ ሰዓቱም አለ። ዓሣ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እኔ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያሳለፍሁ ነው የማነብ።

«የሐይቁን ዳርቻ... ተጠቃሚዎች... የሚጎዳውን ደንብ... በ... ጽ...»

«ቶሎ በል እንጂ፣ ዘይቱ ነደደ!» አለች ሴትዮዋ።

«በጽኑ ተቃውሜያለሁ።»

የተሳሳትሁ መስሎኝ እንደገና አነበብሁት። ያው ነው። እሷ ሳቀች። «ወላሂ፣ ሰዓቱን ለሌላ ሰው አውሶት ነበር ማለት ነው።»

በወረቀቱ ግርጌ ቅዳሜ ከመራጮቹ ጋር እንደሚወያይ ተጽፏል። ሁለቱንም ደብተር፣ የእጁንና የእድሩን፣ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሄድሁ።

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውሃ፣ ከኋላው «ድምፃችሁ ድምፄ ነው» የሚል ባነር። እማሆይ ዘንጋቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ልጃቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ቃሉን ልያዝ ብል ግን እንደ አምባዛ ከእጄ ሙልጭ ይላል። ሲጨርስ ጥያቄ ያለው ተባለና እጄን አነሳሁ።

«የተከበሩ ተወካያችን፣ ወረቀትዎ የዳርቻውን ደንብ በጽኑ ተቃውሜያለሁ ይላል። የኔ ደብተር ደግሞ ተነሳ ይላል። የተሳሳተው የትኛው ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ይህንንስ ይችልበታል። «ጋሼ፣ የምን ደብተር ነው?»

«የእጅዎ።»

ጣቴን እያስሄድሁ አነበብሁለት። የጤና ጣቢያው፣ ተነሳ። የመንገዱ፣ ተነሳ። የስብሰባው አዳራሽ መጋረጃ፣ ተነሳ። የሐይቁ ዳርቻ፣ ተነሳ። ከኋላ የዓሣ ቤቷ ሴት «ሰዓቱም ይመዝገብልን!» ብላ ጮኸች።

ሳቁ ሲበዛ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ በዕድሜ ዓይን ይሳሳታል። እኔ የዚያን ቀን ጉባኤው ላይ አልነበርኩም» አለ። አዳራሽ ውስጥ እንደ አዲስ አበባ ሰው ነው የሚናገረው፤ እንደኛ የሚናገረው እናቱ ቤት ሲገባ ነው። «አናጺው አባታችን ያረፉ ዕለት ነው። ሥራዬን ትቼ ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ቆሜ ነው ያስቀበርኳቸው።»

«ታዲያ በጽኑ የተቃወሙት ከመካነ መቃብሩ ሆነው ነው?» አለች ያችው ሴት። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረዋል። ቀብር ላይ ነበርሁ ያለ ሰው አይከሰስም። ሁለተኛውን ደብተር አወጣሁ።

«ይህ ደግሞ የእድሩ ነው። በአናጺው ቀብር ከስምዎ ጎን ‹ቀ› አለበት። ሦስተኛዎ ነው።»

«ስም ሲጠራ ለስልክ ወጥቼ ይሆናል።»

ያኔ እማሆይ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ወደ ሕዝቡ አልዞሩም፤ የተናገሩት ለሱ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ነጠላዬን አንጥፌ ቦታ ይዤልህ ነበር። ሰው ቆሞ ሳለ እንኳ ነጠላዬን አላነሳሁም። አልመጣህም።»

የሳቀ የለም። ደብተሬን ዘጋሁ። ሰውዬው እንዲዋረድ አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው፤ ፈልጌ ነበር። በእናቱ አፍ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብሁም።

እማሆይ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሦስት ከሞላበት ሕጉ ምን ይላል?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«ብረቱን ይሸከም ይላል» አልሁ።

«እንግዲያው ይሸከማል» አሉና ተቀመጡ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። ተወካያችን ጠዋት ከነመኪናው መጣ። ሹፌሩ ብረቶቹን መኪናው ላይ ሊጭን ሲል ሽማግሌዎቹ ከእማሆይ ድፍረት አግኝተው ኖሮ «በትከሻ ነው!» አሉ። ኮቱን አወለቀ፣ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ፣ ተሸከመ። እኔ ከኋላው ሄድሁ፤ ብረት የሚቆጥረው ስም ጠሪው ነው። ዓሣ ቤቷ ጋ ስንደርስ ሴትዮዋ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። «የተከበሩ! ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

በሦስተኛው ዙር ዋርካው ሥር አረፈ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ጨከኑብኝ።»

«እኔ ስም ነው የጠራሁ።»

ትንሽ ተነፈሰና «ደንቡን አላነበብሁትም» አለ። እናቱ ቤት እንደሚናገረው ነው የተናገረው። «መቶ ገጽ ነው። ጠዋት ያድሉናል፣ ከምሳ በፊት እጅ አንሱ ይሉናል። ጎኔ ያለው ሲያነሳ አነሳሁ።»

«ወረቀቱስ? በጽኑ የሚለው?»

«እሱን ጸሐፊዬ ነው የጻፈው።» ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «እሱንም አላነበብሁትም።»

ልስቅ ነበር፣ ግን ጣቴን አየኋት። «ስማ» አልሁት፤ ድካሙን ሳይ አንቱታው ጠፋብኝ። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላነብ ያተምሁ ፊደል ስላልቆጠርሁ ነው። የአባቴ ቦታ ግማሹ የሄደው እንደዚያ ነው። የቀረኝን ግማሽ ደግሞ አንተ በእጅህ ሰጠኸው። አንተ ስንት ዲግሪ ነው ያለህ?»

ብረቱን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና ሄደ። የቀረውን ሁለት ዙር ሳያርፍ ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ያለ ሹፌር ታንኳ መሥሪያዬ መጣ። በእጁ የአጥሩን ዝርዝር ዕቅድ ይዟል፤ ለድምፅ ገና አልቀረበም። ደንገል ላይ ተቀምጠን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። እሱ ቶሎ ያነባል፣ እኔ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ የዘለለውን እኔ አገኘዋለሁ። አጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም መውጫ የለውም። «ታንኳ ሲሸከሙ ስንት ክንድ መንገድ ይፈልጋል?» አለኝ። ታንኳ አሸከምሁትና እያዞርሁ ለካሁት። ትከሻው ከብረቱ ጊዜ የተሻለ ለምዷል።

የጉባኤው ቀን ዓሣ ቤት ገባሁ። ከምሰሶው ጀርባ ድምፁ መጣ፤ አጥሩ እንዲቀር ጠየቀ። ካልቀረም ታንኳ የሚያሳልፍ በር ይኑረው አለ፤ ክንዱን ቆጥሮ ተናገረ። በሩን አፈ ጉባኤው «ይካተት» አሉ፣ አጥሩን ግን ለድምፅ አቀረቡት። «የምትደግፉ» ሲሉ አዳራሹ በእጅ ተሞላ። ምሰሶው ሥር ምንም የለም።

«መብራት ጠፋ እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

«የምትቃወሙ።»

ከምሰሶው ጀርባ አንድ እጅ ብቻ ወጣ። ሰዓት የለበትም። መጀመሪያ የማን እንደሆነ አልለየሁትም። «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ። ደብተሬ ላይ ቀኑንና ጉዳዩን ጻፍሁ። «ተነሳ» ብል የደገፈ ይመስላል፣ «አልተነሳም» ብል ያልተቃወመ። ሁለቱንም ጻፍሁ።

አጥሩ ቆመ። ደንገሉ እኩሉ ውስጥ ቀረ፣ እኩሉ ውጭ። በሩ ግን አለ፤ ታንኳ የተሸከመ ሰው ጎኑን ሳይነካው ያልፋል። በሩ ላይ አንድ ጠባቂ መዝገብ ይዞ ተቀምጧል። መጀመሪያ ቀን ሲያየኝ፣ ልብሴንም እጄንም አየና ቀለም የተነከረውን ሰፍነግ ወደኔ ገፋ።

«አባባ፣ ጣትዎን።»

«እስኪርቢቶ የለህም?»

ሰጠኝ። መጀመሪያ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት፤ ታንኳው ትከሻዬ ላይ ነው፣ እሱም ይጠብቃል። ከዚያ ስሜን ጻፍሁ። ከስሜ ቀጥሎ «የፈቀደው አካል» የሚል ቦታ አለ። «አንድ ተቃውሞ» ብዬ ሞላሁት።

ጠባቂው አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። «ይህ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

«ትንሽ ነው» አልሁት። «ያለበት አንድ ሰው ነው።»

ታንኳዬን አስተካክዬ ወደ ውሃው ወረድሁ።