የአባቴ ጆሮና ትንሿ አምፕሊፋየር

ልጄ መቅደስ ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ሦስት ፎቶዎች በስልክ ላከችልኝ። ሦስቱም የጊታር አምፕሊፋየር ናቸው፤ አንዱ የእህል ሣጥን የሚያህል፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ደግሞ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል። «አባዬ፣ የቱ ይሻለኛል? ክፍሌ ውስጥ ለመለማመድና አልፎ አልፎ ለትንንሽ ዝግጅት ነው። አቅሜን ደግሞ ታውቀዋለህ» ትላለች። አቅሟን አውቀዋለሁ፤ የኔው አቅም ነውና።

«ሻጩ ከፍ አድርጎ ሲያስጮኸው አትስሚው» ብዬ ጻፍሁላት። «እስከ መጨረሻው ዝቅ እንዲያደርገው ንገሪውና ያን ጊዜ ስሚው።»

«ይህን ደግሞ ማን አስተማረህ?»

«አያትሽ» ስላት የሳቅ ምልክት ደርድራ ላከችልኝ። አልፈረድሁባትም። አያቷ፣ ማለትም አባቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎገራ ላይ ሲቀድሱ የኖሩ ቄስ ናቸው። ጊታር በጣታቸው ነክተው አያውቁም። የነገርኋት ግን እውነት ነው፤ እውነትነቱን ያወቅሁበት ሰሞንም እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ያኔ ጎረምሳ ነበርሁ፤ ትምህርቴን ጨርሼ ወረታ ውስጥ ሥራ የምፈልግ። ጊታሬን ትቶልኝ የሄደው ወደ ሌላ አገር የተዛወረ አስተማሪያችን ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ስለሆነች ያለ አምፕሊፋየር ድምፅዋ ከወባ ትንኝ አይበልጥም። አባባ ቤት ውስጥ እንድትቀመጥ የፈቀዱላትም ለዚሁ ይመስለኛል። «ይችስ ጨዋ ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራ» ይሉ ነበር። በዚያች የትንኝ ድምፅ ጣቶቼ እስኪላጡ ተለማምጃለሁ። የጎደለኝ የሚሰማኝ ሰው ብቻ ነበር።

በከተማችን ለሠርግ የሚጫወት አንድ አነስተኛ ቡድን ነበር። መሪው ጌጡ ይባላል፤ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ቁመቱ አጭር፣ ምላሱ ረጅም። እንዲያስገባኝ ስለምነው ከረምሁ።

«የኔ ሞንታርቦ ኪቦርዱንና የዘፋኙን ማይክ ብቻ ነው የሚችል» አለኝ በመጨረሻ። «የቅበላው ሠርግ ላይ የራስህን አምፕሊፋየር ይዘህ ከመጣህ ትገባለህ። ካልመጣህ የሐሙሲቱን ልጅ እወስዳለሁ። እሱ ዕቃው ሙሉ ነው።»

ቅበላ ላይ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ሠርግም የለ፣ ዘፈንም የለ። የሐሙሲቱ ልጅ አንድ ጊዜ ከገባ ደግሞ ማን ያስወጣዋል? እንግዲህ ያለችኝ ያቺ እሑድ ብቻ ነበረች።

ለአባባ ነገርኋቸው። አንድ ማታ ከእራት በኋላ እጃቸውን ታጥበው ጠሩኝ። «ሙሽሮቹን የማጋባ እኔ ነኝ» አሉ። «ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ እሰማሃለሁ። ስትለማመድ ድምፁ ተአጥሬ አይውጣ። ለሰው ስትጫወት ደግሞ የማላፍርበት ይሁን። ካፈርሁ ጊታሯ ተቤቴ ትወጣለች። ዕቃውንም አብሬህ ሄጄ አየዋለሁ።» ከፍቃዱ ይልቅ የመጨረሻዋ ቃል አስደነገጠችኝ።

ዓርብ በጠዋት አባባ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራቸውን በብብታቸው ይዘው ባሕር ዳር ገባን። ገበያው አጠገብ አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። አቅሜ የሚፈቅደው ሁለት አምፕሊፋየር ብቻ ነው፤ አንደኛው ፊቱ ላይ ያለው ጨርቅ የተቀደደ ትልቅ፣ ሌላዋ መያዣ ያላት ትንሽ። ሻጩ ጊታሬን ትልቁ ላይ ሰክቶ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው። የሱቁ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ መንገደኛው በሩ ላይ ተሰበሰበ። ይኸ ነው የጌጡን አፍ የሚያስይዘው ብዬ ልቤ ዘለለ።

«ልጄ፣ ዝቅ አድርገው» አሉት አባባ።

ዝቅ አደረገው።

«ገና።»

አሁንም ዝቅ አደረገው።

«ገና ነው እኮ!»

«ከዚህ ወዲያማ መዝጋት ነው፣ አባ» አለ ሻጩ። አባባ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን የተቀደደው ጨርቅ ላይ ለጠፉ። «ይኸ ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም» አሉ። እውነትም ዝቅ ሲል ክሩ ከክሩ አይለይም፤ ቅል ውስጥ የገባ ዝንብ ነው የሚመስለው። ትንሿ ግን ዝቅ ብላም እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ይሰማል። «በል ይችን ያዝ። ድምፅ ማለት ሲያንሾካሹክ ቃሉ የሚለይ ነው። ሲጮህማ አህያም ይሰማል።»

«አባባ፣ ሠርጉ ሜዳ ላይ ነው! ይችን ማን ይሰማታል?»

«አንተ ለአንድ ሠርግ ነው ለዘመንህ የምትገዛ?»

በሻጩ ፊት ከቄስ አባት ጋር ክርክር አይገጠምም። ትንሿን ታቅፌ ወጣሁ። ሐሙሲት ላይ መኪናው ሲቆም ሴቶቹ የሽምብራ እሸት በመስኮት ዘረጉልን። አባባ ጾመኛ ስለነበሩ አልቀመሱም፤ እኔም እሳቸው እያዩኝ አልቀመስሁም። ረኃቤንም ንዴቴንም እንደያዝሁ ወረታ ደረስን።

የአጥራችንን በር ልገፋ ስል አባባ በክንዴ ያዙኝ። «ቆይ፣ እንዲያው አይገባም።»

በእኛ አገር አዲስ ነገር ያለ ጸሎት ቤት አይገባም። የጎረቤታችን የሽንኩርት ማሳ ሞተር ጠበል ተረጭቶለታል፤ የነጋዴው አይሱዙም እንዲሁ። ሞተርና አይሱዙ ግን ውሃ ሲነካቸው ግድ የላቸውም። እኔ ደግሞ ትንሿን ፊቷን ጆንያ ላይ ደፍቼ አስቀምጫታለሁ፤ ጀርባዋ ክፍት ነው፤ ሽቦውና ሰሌዳው ሁሉ ይታያል። አባባ ከቤት ካስመጡት የጠበል ጀሪካን ወደ ጣሳ ቀዱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። መጀመሪያ እኔን ረጩኝ፤ ቀጥለው እሷን። አባባ ጠበል ሲረጩ እጃቸው አይሰስትም። ጠብ ጠብ እያለ ወደ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል።

መጮኽ ነበረብኝ። ግን የቄስ ልጅ አፍ «ጠበሉ ዕቃዬን ያበላሽብኛል» ይላል? ደግሞም ፊታቸውን አየሁት። ለዘፈን ዕቃ አንድ ቀን ይጸልያሉ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም፤ የሚጸልዩት ለኔ ነበር። አሜን አልሁ።

አባባ ወደ ውስጥ እንደገቡ ላይ ላይዋን በነጠላ ጠርጌ፣ አላስችል ብሎኝ፣ በረንዳው ላይ ሰካኋት። አንዴ ተንጣጣች፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ ጭጭ። ገመዱን ነቅዬ እዚያው ቁጭ አልሁ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ፊቴን አየች፤ ጣቷን በአምፕሊፋየሯ ጀርባ አስገብታ እርጥቡን ነካች፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ለአባትህ ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ያዝናሉ። አሁን በስስ ነጠላ ጠቅልለህ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ቅበራት። ሩዝ እርጥብ ይጠጣል። ነገ ፀሐይ ታወጣታለህ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አባባ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብዬ ግቢው ውስጥ አሰጣኋት። ጀርባዋን ፈትቻለሁ፤ ብሎኖቿ በሰሐን ላይ ናቸው። ጥጥ በስንጥር ጠቅልዬ ውስጧን ሳደርቅ የአጥሩ በር ሲንሲያጠጥ ሰማሁ። ለመደበቅ ጊዜ አልነበረም።

«ምን ሆነች?» አሉ አባባ።

«ምንም። አዲስ ዕቃ ትንሽ ፀሐይ ቢያገኝ ጥሩ ነው ይላሉ።» ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል።

የተፈታውን ጀርባ አዩ፤ ብሎኖቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «እህም» አሉ። በሩ ድረስ ሄደው ደግሞ ዞር አሉ። «የዋንዛው ጥላ እየደረሰባት ነው። ወዲያ አዙራት» ብለውኝ ገቡ። ውሸቴን አመኑኝ ብዬ ተነፈስሁ። ማታ ገጥሜ ልሞክራት ስል መብራት ጠፋ፤ ከተማው ሁሉ ጨለመ። መሥራቷን ሳላውቅ እሑድ ጠዋት በጋሪ ጭኛት ሄድሁ።

ሠርጉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሩዙ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ በቀረበት ሜዳ መካከል ነበር። ሰፊ ዳስ ተጥሏል፤ የሥጋ ወጡ ሽታ ከሩቅ ይጣራል፤ ቅበላ ስለሆነ ሰው ለጾሙ ጭምር ይበላል። አባባ ሙሽሮቹን አጋብተው፣ ማዕዱን ባርከው ከፊት ተቀምጠዋል፤ በጎናቸው አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ጌጡ ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ እኔን አየኝና ወደ እጄ ጠቆመ። «ይችን ነው ያመጣህ? ምሳህን ቋጥረህ የመጣህ መስሎኝ።»

ሰካሁ፤ ማብሪያውን ተጫንሁ። ተንጣጣች። እንግዶቹ ዞረው አዩኝ፤ አንዱ ሳቀ። አባባን ላለማየት አንገቴን ደፋሁ። ቆይታ ግን እሽ… አለችና ክሩን ስነካው ተናገረች። ተመስገን! ድምፅዋን እስከ ግማሽ ስጨምረው እንደሚቆላ ሽምብራ ተንጣጣች። ስቀንሰው ጠራች። ገባኝ፤ ከግማሽ በታች ትሠራለች፤ ከግማሽ በላይ ትሞታለች።

ዘፈኑ ተጀመረ። የጌጡ ሞንታርቦ ሜዳውን አናወጠው፤ የኔ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ እንጂ ድምፅ የለም። ጌጡ በአገጩ «ከፍ አድርገው» ይለኛል፤ እኔ አይሆንም ስል ራሴን እነቀንቃለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጆሮዬ ሥር መጣ። «የሚቀጥለው ላይ ካልተሰማህ ውረድ። ነገ የሐሙሲቱን ልጅ አነጋግረዋለሁ።»

የሚቀጥለው ተጀመረ፤ አሁንም አልተሰማሁም። ጊታሯ ከቤት ስትወጣ ታየኝ። ይኼኔ አባባ ጭራቸውን ወደ ላይ አነሡ። ቄስ ጭራ ሲያነሣ ዳሱ ሁሉ ይረጋል። ተበላሁ አልሁ በልቤ፤ ሊያስወርዱኝ ነው።

«ጌጡ ልጄ፣ ዝቅ አድርገው» አሉ። «እዚህ ሽማግሌ ይነጋገራል፤ ቃል አልለይ አለን።»

ጌጡ ዝቅ አደረገው።

«ገና።»

አሁንም ዝቅ አደረገው።

«ገና ነው እኮ!»

ጌጡ ጥርሱን ነክሶ እንደገና ቀነሰው። ያን ጊዜ ጊታሬ ወጣች። ዝቅ ብላ፣ ክሩ ከክሩ እየተለየ፣ ዳሱን ከዳር እስከ ዳር ሞላችው። ሴቶቹ ጭብጨባቸውን ለእሷ ልክ አለዘቡት፤ ዘፋኙ መጮኹን ትቶ መዝፈን ጀመረ፤ የሙሽራዪቱ እናት እልል አሉ። አባባ ወደ እኔ አንዴም አላዩም፤ ወደ አያ ይመር ጆሮ ዘንበል ብለው ያወራሉ። ጫጫታው ከብዷቸው ነው ብዬ አሰብሁ፤ ጌጡም እንዲያው አሰበ።

ዕቃ ስንጭን ጌጡ ገመዱን እየጠቀለለ «ከፋሲካ በኋላ ና» አለኝ። አባባ ደግሞ ወደ ቤት ተመልሰን በሩ ላይ ስንደርስ «አላፈርሁም» አሉ። ማግስቱን ጾም ገባ፤ ትንሿም ተሸፈነች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቼባታለሁ፤ ከግማሽ ግን አልፋ አታውቅም።

ትናንት መቅደስ የመረጠችውን ይዛ ከባሕር ዳር መጣች። ሦስተኛዋን ፎቶ፣ በአንድ እጅ የምትንጠለጠለውን። አባባ ዛሬ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፀሐይ ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ይውላሉ። ኮቴዋን ሰምተው ምን እንደያዘች ጠየቋት፤ ነገረቻቸው።

«በሉ ጠበሌን አምጡልኝ» አሉ።

እኔ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ እንደዚያ ጊዜው ጎረምሳ ላብ አጠመቀኝ። አምልጦኝም ጋቢዬን አውልቄ ዕቃው ላይ ጣልሁት። «አባባ፣ እንዲያው… ቆይተን ብናደርገው…»

«አንተ ደግሞ ምን ትንተባተባለህ? ዕቃውን ወደ ውስጥ አስገባውና ልጅቷን አቅርብልኝ። ዕቃማ ያን ጊዜ ጠጥቶ ጠግቧል።»

እናቴ ነግራቸው ይሆን ብዬ ላስብ እችል ነበር፤ እሷ ግን ምሥጢሯን ይዛ ነው ያረፈች። ነጋሪ አላስፈለጋቸውም። የዋንዛውን ጥላ ያዩት ለዚያ ነው። እኔ እንዳያዝኑ ብዬ ዘመኔን ሙሉ ደበቅኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንዳላፍር ብለው ዘመናቸውን ሙሉ እንዳልሰማ ሆኑ። መቅደስን ረጯት፤ እኔንም በጭፍን ፈልገው ረጩኝ። ውሃው ዓይኔ ውስጥ መግባቱ በጀኝ፤ ማልቀሴን ልጄ አላወቀችብኝም።

«አባባ፣ ታዲያ የሠርጉ ቀን… ጌጡን ዝቅ አድርገው ያሉት ለሽማግሌዎቹ አልነበረም?»

«ለየትኞቹ ሽማግሌዎች?» አሉ ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መልሰው። «ተጎኔ የነበሩ አያ ይመር አይዶሉ? እሳቸውማ መድፍ ቢተኮስ አይሰሙ።»