የጊንጪው ኮምፒውተር

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ በአምቦ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። የተማሪዎች ውጤት የሚያዘው በነፃ ፕሮግራም ነው፤ ሠሪዎቹ አሠራሩን ለሁሉም ክፍት አድርገውታል፣ የፈለገ ወስዶ ለራሱ ያስተካክለዋል። ለእኛ ያስተካከለችው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታስተምረው የእህቴ ልጅ ናት። ኢንተርኔት አስተማማኝ ስላልሆነ በፍላሽ ጠቅልላ ለእኛና ጊንጪ ላለ ትምህርት ቤት ሰጠች።

እኔ ቀሪ ቅጂውን ሳላስቀምጥ ደብዳቤ አላወጣም። ፍላሹንም በፖስታ አሸግኩት።

"ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ፕሮግራሙ አለ። የሚደገፍባቸው ፋይሎች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጡ ናቸው፤ እነሱን ምን አስጠቀለለኝ?"

ሌላም ልማድ ነበረኝ። አርብ ዕለት መልስ ያላገኘ ጉዳይ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ አልወጣም። አንድ አርብ፣ ጠፍቶ የከረመው ኢንተርኔት ተመለሰና ኮምፒውተሩ ሲስተሙን ላድስ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት፤ በሩን ቆልፌ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ከጭልሞ በኩል አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። ነርሲንግ እንድትማር ተቀብለዋታል። ትራንስክሪፕቷን በማግስቱ እስከ ስድስት ሰዓት ካላስገባች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ፕሮግራሙን ብነካው አልከፈት አለ። የወረቀት መዝገቡን መጋዘን ውስጥ ዝናብ አበላሽቶታል። ኢንተርኔቱም እንደገና ጠፍቷል።

የእህቴ ልጅ መጥታ ስክሪኑን አየች።

"እትዬ፣ አድሰውታል?"

"አድሼዋለሁ።"

"ውጤቱ አልጠፋም። ፕሮግራሙ ግን የሚሠራው ከአሮጌዎቹ ደጋፊ ፋይሎች ጋር ነው። እድሳቱ እነሱን አውጥቶ አዲስ ተክቶባቸዋል።"

"ፍላሹስ?"

"አልጨመርኳቸውማ። የእኔም ኮምፒውተር ከታደሰ ቆይቷል።"

አባትየው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ያዳምጣል። ልጅቷ ወለሉን ታያለች። ጊንጪ ደወልኩ።

"አዴ፣ አካም ጅርቱ!" አለ የዚያው መዝገብ ቤት ሠራተኛ።

"ኮምፒውተራችሁ ታድሷል?"

"አርብ አውርዶ ጨርሷል። ከጠዋት ጀምሮ አጥፍተህ አብራኝ ይለኛል። እንደ አማቴ ነው፣ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። አሁን ልገላገለው ነው።"

"እንዳትነካው!"

በስልክ ጮኬ አላውቅም ነበር።

"ምነው አዴ? ሰው ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም። እስክንመጣ ማንም እንዳይነካው።"

"በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ዳይሬክተሩም ቢመጣ አላስገባም።"

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። በደንዲ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የእህቴ ልጅ ከመስኮቱ ዓይኗን አልነቀለችም።

"መብራት ከሄደ፣ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሳ ራሱን ያድሳል" አለች።

አሮጌዎቹ ፋይሎች ያሉት እዚያ ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ጊንጪ ስንደርስ ሰውየው እንዳለው በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሯል። ፋይሎቹን ወደ ፍላሹ መገልበጥ ስትጀምር አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። መብራቱ ተመለሰ። ገልብጣ ስትጨርስ ፍላሹን ነቅላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው።

"አሁን ላጥፋው?" አለ ሰውየው።

"የእናንተንም ሠርቼ እስክልክልህ ታገሠው" አለችው።

"እሱንም እንደ አማቴ ልታገሠው ነዋ።"

አምቦ ተመልሰን ፕሮግራሙን ከአሮጌዎቹ ፋይሎች ጋር አንድ ላይ ጠቀለለችው፤ ሲስተሙ ቢታደስም እንዳይነካቸው ለብቻቸው አስቀመጠቻቸው። አሥር ሰዓት ላይ ተከፈተ። ልጅቷ ውጤቷን መስመር በመስመር አነበበች። ማህተም አደረግኩበት። አባትየው "ገለቶማ" ብሎ አመሰገነኝና ሁለት እጁን ሰጠኝ። ቀኑን ሙሉ ያስጠበቅኩት ግን እኔ ነበርኩ።

አዲሱን ፍላሽ በፖስታ ሳሽግ በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ጻፍኩበትና ለእህቴ ልጅ ብዕር ሰጠኋት። ሳቀች፤ ግን ፈረመች።

በማግስቱ እስከ ስድስት ሰዓት የረባ ሥራ አልሠራሁም። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አባትየው ደወለ።

"ተቀበሏት" አለ።

ስልኩን አስቀምጬ የጠዋቱን ደብዳቤዎች መክፈት ጀመርኩ።