የትናንሾቹ ምድብ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊድያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን መተላለፊያው ላይ ወርውራ ገባች። የተነጫነጨችው በስዊድንኛ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስትናደድ አትናገረውም። የምትማረው ስቶክሆልም መሀል ባለ ፍሪስኮላ ነው፤ የግል ይሁን እንጂ ክፍያ የለውም፣ ሯጮችን ግን በፈተና እየመረጠ ያስገባል። በኮሙን፣ ማለትም በማዘጋጃ ቤት የሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶች ተሰብስበው እንደ እነ ሊድያ ያሉት በውድድር ከእኛ ጋር አይመደቡ ብለው ጠይቀዋል። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም አለች፣ ከማቀዝቀዣው እርጎ እያወጣች። እኔ ወጡን ማማሰሌን ቀጠልኩ። ያ ጥያቄ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ከእኔ አፍ መውጣቱን አታውቅም።

ያኔ የምንኖረው ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ፊቲያ በሚባል ሰፈር ነበር። ሰብለ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ትኖራለች፤ እናቷ እትዬ አስናቀችና እናቴ በአንድ ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። እኔና ሰብለ ከትምህርት በኋላ በሐይቁ ዳር እንሮጣለን። በክረምት በረዶው ከእግራችን በታች ይንኮሻኮሻል፣ በጸደይ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ እኛ ግን አናቋርጥም። ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ትቀድመኝ ነበር። ሁለት እርምጃ ብቻ። ብዙ ብትቀድመኝ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር።

ሁለተኛ ደረጃም አብረን እዚያው ሰፈራችን አጠገብ ባለው የኮሙን ትምህርት ቤት ልንገባ ተስማምተን ነበር። በዚያ ጸደይ አንድ ቅዳሜ ልጠራት ስወጣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ ብላ ቀረች። ቅዳሜ የሚሠራ ጥርስ ሐኪም የት እንዳለ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። የትምህርት ዕረፍቱ ሊያልቅ ሲል ከተማ ወደሚገኝ ፍሪስኮላ መግባቷን ሰማሁ። ያ ቅዳሜ የሩጫ መግቢያ ፈተናው ቀን ኖሯል።

እትዬ አስናቀች ለእናቴ ነገሩ ሳያልቅ ማውራት ደግ አይደለም ብዬ ነው አሏት። እናቴ ምንም ቅር አላላትም። እሷም ብትሆን የመኖሪያ ፈቃዳችን እስኪደርስ ለገዛ እህቷ አልተነፈሰችም፤ የእኛ ሰው እርግዝናም ሆነ ሥራ እጁ እስኪገባ አያወራም። እኔ ግን ገብቶኝ ነው የተቃጠልኩት። ነገር የሚደበቀው ከዓይን ነው፤ እንግዲህ የተፈራው ዓይን የእኔ ነበር ማለት ነው። እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አላሳፈራቸውም። ሰብለ ስሟ ከጀርባው የተጻፈበት ቱታ አላት፤ ሰዓት ይዞ የሚከተላት አሠልጣኝ አላት፤ ሦስት ጥንድ ጫማ አላት፣ ቆጥሬያለሁ። ማታ ማታ ከቱነልባናው ባቡር ስትወርድ ካየኋት ቀስ ብዬ እቀራለሁ፣ ብቻዋን ትሂድ ብዬ።

በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የትምህርት ቤቶች የጫካ ሩጫ ነበር፤ ውጤቱ በቡድንም በግልም ይያዛል። ምድቡ የሚወጣው በተማሪ ብዛት ነው፤ ብዙ ተማሪ ያላቸው በትልልቆቹ፣ ጥቂት ያላቸው በትናንሾቹ። ከትልልቆቹ ሦስት፣ ከትናንሾቹ አንዲት ልጅ ብቻ ለአገር አቀፉ ውድድር ጎተንበርግ ትሄዳለች። የእኛ ትምህርት ቤት ትንሽ ነው፣ የሰብለም ትንሽ ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ የሚሮጠው በአካባቢው የተገኘው ሰው ሲሆን፣ እነሱ ከሶደርተልየ ከተማ ጀምረው እየመረጡ ያመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ እስከ ሦስት ወጡ፤ ሰብለ አንደኛ፣ እኔ አራተኛ።

በሁለተኛው ዓመት ደንቡን የሚያይ ስብሰባ ሲጠራ እጄን አውጥቼ የትምህርት ቤታችን ተወካይ ሆንኩ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ፣ ጠረጴዛው ላይ ቡናና የቀረፋ ዳቦ። ሰብለ አልነበረችም። ንግግሬን ከመስታወት ፊት አጥንቼዋለሁ። በፈተና ሯጭ የሚመርጥ ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን ከትልልቆቹ ጋር ይመደብ አልኩ። ሰዎቹ እየጻፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል።

ስብሰባውን የሚመራው ሽበታም የስፖርት መምህር ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። "ቅሬታሽ ስለ ቡድን ከሆነ ቡድኑን እናዛውረው። ለግሏ የምትወዳደር ልጅ ግን ተጨማሪ የጎተንበርግ ቦታ ተሰጥቷት ያለችበት ምድብ ብትቆይ ምን ትጎጂያለሽ?"

ሁሉም እኔን አዩኝ። የነገሩ ፍትሕ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። እሺ ብል ማንም አይጎዳም። እኔ ግን ያን ጊዜ የታየችኝ ከፊቴ ሁለት እርምጃ ቀድማ የምትሮጥ ጀርባ ናት። ሁሉም ይዛወሩ፣ አለበለዚያ ደንብ አይባልም አልኩ። እጅ ተቆጠረና አለፈ። የቀረፋ ዳቦዬን እስከ መጨረሻው በላሁ።

የሩጫው ቀን ሲያካፋ ዋለ። የሰብለ ምድብ ቀድሞ ሮጠ። የትልልቆቹ ልጆች ብዙ ነበሩ፣ መነሻው ላይ መንገድ ተዘግቶባት አራተኛ ወጣች። ከዚያ እኔ ሮጥኩና በትናንሾቹ ምድብ አንደኛ ሆንኩ፣ ሰዓቴ ከእሷ እየዘገየ። ገና ትንፋሼ ሳይመለስ፣ ሰብለ በወረቀት ኩባያ እዚህ አገር ሯጮች የሚጠጡትን ትኩስ የብሉቤሪ ፍሬ ሾርባ ይዛልኝ መጣች።

"ስብሰባው ላይ የተናገርሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።"

ደንቡ ትክክል መሆኑን ነገርኳት።

"ትክክል ነው። ግን መጀመሪያ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"አንቺስ ጥርስ ሐኪም ብለሽ አልሄድሽም?" አልኳት። ይህችን ቃል ከዓመት በላይ ይዣት ቆይቻለሁ።

ሰብለ ኩባያውን ሰጠችኝ። "እኔን እናቴ ናት ዝም በይ ያለችኝ። አንቺን ማን ዝም በይ አለሽ?"

ኩባያውን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ሾርባው ወፍራም ነበር፣ ጣፋጭ፣ ጥርስ የሚያጠቁር። ጎተንበርግ ሄጄ ከኋላ ከሚቆጠሩት ጋር ጨረስኩ። ከሰብለ ጋር አልተጣላንም፤ በሐይቁ ዳር አብረን መሮጥ ግን ቀረ። አሁንም በፋሲካ ቤተ ክርስቲያን እንሳሳማለን፣ የልጆቻችንን ቁመት እናደንቃለን። በየዓመቱ ማራቶን ትሮጣለች ሲሉኝ ጉልበቴን እያሻሸሁ "ጎበዝ ናት" እላለሁ። ውስጤ ግን ጎበዝ አይልም።

ይህን ሁሉ ለሊድያ ነገርኳት፣ እርጎዋን ጨርሳ ማንኪያውን እየላሰች። የኮሙኖቹ ጥያቄ ትክክል ነው አልኳት፤ ቅናትም ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። የጠላት ወገን የሆንኩ ይመስል አየችኝ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ በዚያ ሩጫ ከእኔ ቀጥላ ሁለተኛ የወጣችው ማን ነበረች?

አሰብኩ። ስሟ ይቅርና መልኳ አልመጣልኝም። ያን ቀን ማንን እንዳሸነፍኩ አላውቅም፤ የማውቀው ከማን ጋር እንዳልሮጥኩ ብቻ ነው።