አማቴ ለካሜራው የነገሩት

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ ባለቤቴ ሰይድ ከሞተ በሰባተኛው ወር ነው። እስካሁን ለማንም አልነገርኩም። በአፌ ልናገረው ስሞክር ከየት እንደምጀምር ይጠፋብኛል፤ ስለዚህ ቀስ እያልኩ በጽሑፍ ይሻለኛል።

ሰይድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በእረፍት ቀኑ ደግሞ ቪዲዮ ይቀርጻል። ካሜራውን ማንም እንዲነካበት አይወድም፤ አቧራውን ስጠርግለት እንኳ ይቆጣኝ ነበር። ከሞተ በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ። አንድ ቀን አወጣሁትና ደሴ ፒያሳ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ዘንድ ወስጄ አስተምረኝ አልኩት። በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ እየወጣሁ ተማርኩ። ሰውየው ታጋሽ ነው። ካሜራውን በጣቴ ጫፍ ብቻ ስይዘው ሲያይ፣ “እትዬ፣ አይናከስም እኮ” እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ለመማር ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው። ሰይድ የተወለደው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፣ ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ጭነት መኪና ውስጥ ነው። ታሪኩን ከነዝርዝሩ የሚያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ መርሳት ጀምረዋል፤ አንዳንድ ቀን ስሜ ይጠፋባቸዋል። ታሪኩም ሳይጠፋ በራሳቸው ድምፅ ላስቀረው ፈለግሁ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደሴ ቤታቸው ሄጄ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አደረግሁት። ሰይድ እናቱን ሲቀርጽ ስክሪኑን ወደሳቸው ያዞርላቸው ነበር፤ ራሳቸውን እያዩ መናገር ይወዳሉ። እኔም አዞርኩላቸው። ቁልፉን ተጫንኩና ይንገሩኝ አልኳቸው።

እንደዚያ ቀን አድርገው ነግረውኝ አያውቁም። ስለ ጭጋጉ፣ መኪናውን አቁሞ ፊቱን አዙሮ ስላለቀሰው ሹፌር፣ የራሷን ሻርፕ ቀድዳ ሕፃኑን ስለጠቀለለችው የማያውቋት መንገደኛ። የሰይድን ስም ባነሱ ቁጥር “አላህ ይዘንለት” ይላሉ፤ መሞቱን አልረሱም። ሲጨርሱ ቁልፉን መልሼ ተጫንኩና ለዙሁር ሶላት ዉዱእ ላደርግ፣ እጅ እግሬን ልታጠብ ወደ ውጪ ወጣሁ።

በማግስቱ የተቀረጸውን ቤቴ ስከፍተው ታሪኩ የለም። መጀመሪያ ላይ የራሴ እጅና የምንጣፉ ጥግ ይታያል። ለካ ካሜራውን ስሞክር አስቀድሜ ተጭኜው ኖሯል፤ ጀመርኩ ስል አቆምኩት፣ አቆምኩ ስል ጀመረ። ስክሪኑ ወደሳቸው ስለዞረ ሲቀርጽ የምትበራውን ቀይ ነጥብ አላየሁም። የቀረው እኔ ከወጣሁ በኋላ ያለው አራት ደቂቃ ብቻ ነበር።

አማቴ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ስክሪኑን ቀና ብለው ሲያዩ ፊታቸው በራ።

“አሁን መጣህ?” አሉ። “ያን ሁሉ ስነግራት የት ነበርክ? ጨረስኩት እኮ።”

ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እንዳትቆጣት። ገና እየለመደች ነው” አሉ።

ሌላ ቃል የለም። የሚያወራቸው ሰው ያለ ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንድ ጊዜም ሳቁ። እኔ ተመልሼ ካሜራውን ሳጠፋ ያበቃል።

ሰይድ ሲቀርጻቸው “ቀይዋ ስትበራ እያየሁሽ ነው” ይላቸው እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። እንግዲህ ታሪኩን ሲነግሩኝ አለመብራቷን አይተዋል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? “አሁን መጣህ” ያሉትስ አእምሯቸው ከድቷቸው ነው ወይስ ካሜራውን ከእኔ የበለጠ ስለሚያውቁት?

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ያን ቀን ማንን ሲያናግሩ እንደነበር ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው። እጄን ያዙና በስጋት አዩኝ።

“ሰይድ እኮ ሞቷል፣ ልጄ። ምን ነካሽ?”

ስለ ሰይድ አለመጠየቄን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። ታሪኩን እንደገና እንዲነግሩኝ ስለምናቸውም “ነግሬሽ የለ?” ብለው እምቢ አሉ።

አሁን የማስታውሰውን በደብተር እየጻፍኩ ነው፤ ድምፃቸው ግን የለበትም። እናቷን መቅረጼን የሰማችው የሰይድ እህት ቪዲዮውን ላኪልኝ ትለኛለች፤ አልላክሁላትም። እናቴ አእምሮዋን ሳተች ብላ እንዳትደነግጥ እፈራለሁ፤ መሳታቸውንም እርግጠኛ አይደለሁም።

እውነቱን ለመናገር እቀናባቸዋለሁ። ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ በሕልሜ ያላየሁትን ሰው እሳቸው አራት ደቂቃ አወሩት። እኔ ያኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን እየታጠብኩ ነበር።