የሰም ጥይትና የሰይድ ቀይ ቴፕ

ኦሃዮ ውስጥ አጋዘን በጠመንጃ ማደን የሚፈቀደው ኅዳር ማለቂያ ላይ ነው፤ አሜሪካኖቹ የምስጋና በዓላቸውን ተርኪ በልተው ገና ሳይፈጭላቸው። ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ሁሉ አጥንቱን ያወጣል። ጠዋት ጠዋት መሬቱ ከእግር በታች እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የምነግራችሁ የ2020ውን ነው፣ የኮሮናውን ዓመት።

ሦስት ነበርን። ሰይድን ታውቁታላችሁ፤ ይኸው በሩ ጋ የቆመው፣ አንድ እግሩን ሳብ እያደረገ የሚሄደው የኮምቦልቻ ሰው። ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻውን መኪና፣ ይነዳል። እኔ እንደምታዩኝ እዚሁ ኮለምበስ፣ ሂልቶፕ ሰፈር አሮጌ ጎማ እሸጣለሁ። የተማርኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ ዲፕሎማ አይሰጡም፣ ፈተናው ግን በየቀኑ ነው። ሦስተኛው ሚስተር ሮይ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ነበር። ለፒክአፑ ጎማ ሊገዛ መጥቶ ወዳጅ ሆነን ቀረን። ከኮለምበስ ወደ ደቡብ፣ ኮረብታው የሚጀምርበት ላይ መሬት አለው፤ እዚያ እንድናድን የፈቀደልን እሱ ነው።

ዛሬ ሽጉጡን ከመንካታችሁ በፊት ቁጭ በሉ ያልኳችሁ ከእናንተ አንዷ «ጋሼ ታደሰ፣ ጥይቱ ሰም እኮ ነው፤ ምን ያደርጋል?» ስላለች ነው። አልቆጣትም። እኛም እንደዚያ ብለናል።

ያን ዓመት መጀመሪያ የሽንት ቤት ወረቀት ጠፋ፣ ቀጥሎ ጥይት ጠፋ። ሕዝቡ የፈራው ምኑን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ይህች ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበረችኝ፤ አፈሙዟ ረዥም ስለሆነ ለአጋዘን ትፈቀዳለች። ጥይቴ ግን አሥራ ሁለት ፍሬ ብቻ። በአሥራ ሁለት ፍሬ እጅ አይለመድም። ለሚስተር ሮይ ይህንን ሳማርርለት አንገቱን ነቀነቀና «ሰም የለህም?» አለኝ። የተሳለቀብኝ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ዕቃ የሞላበት አንድ አሮጌ ካርቶን ይዞ መጣ። ሥራው ይኸውላችሁ። ባዶ ቀለሃ ትወስዳላችሁ። ከታች እሳቱ የሚያልፍባትን ቀዳዳ በቀጭን መሰርሰሪያ ሰፋ ታደርጓታላችሁ፤ ካልሰፋች ከቀለሃው ቂጥ የምትገባዋ መለኮሻ፣ እነሱ ፕራይመር የሚሏት፣ ወደ ኋላ ተገፍታ ስድስቱን ጥይት የሚጎርሰውን መዘውር ትቀረቅረዋለች። ቀዳዳው የሰፋ ቀለሃ ከዚያ ወዲያ ባሩድ አይገባበትም፤ በፍጹም። ስለዚህ ቂጡን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባነው፤ የሰይድ ሚስት ዛህራ ቀለሟ የት እንደገባ ስትፈልግ ከረመች። ሰሙ የማርማላታ ጠርሙስ የሚታሸግበት ነጩ ነው፤ ሽማግሌው ከሟች ሚስቱ ጓዳ አመጣልን። ትሪ ላይ አድርጋችሁ፣ ትሪውን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ ታቀልጡታላችሁ። የጣት ውፍረት ይዞ ሲረጋ፣ ገና ለስለስ እንዳለ፣ የቀለሃውን አፍ ወደ ታች ትጫኑታላችሁ። አፉን ሞልቶ ይወጣል። መለኮሻዋ የምትገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድማ ከገባች አየሩ መውጫ ያጣና ሰሙን መልሶ ይተፋዋል። ባሩድ የለም፣ ቅንጣት የለም። መለኮሻዋ ብቻዋን ሰሙን አሥር እርምጃ ታደርሰዋለች።

እዚሁ ጋራዥ ውስጥ፣ በዚያ የጎማ ክምር ፊት ካርቶን አቆምን። ካርቶኑ ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ሰሙ እዚያ ላይ ይቀራል፣ ለቅመን መልሰን እናቀልጠዋለን። ድምፁ «ጧ» ነው፤ ጎረቤት በር የተዘጋ ይመስለዋል።

እንግዲህ ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው። ይህ ሽጉጥ ምላጩን ስትስቡት ከኋላ ያለችው መቺ ብረት ቀስ ብላ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ጫፍ ስትደርስ ትወድቅና ትመታለች። እኔ ምላጭ እመነጭቅ ነበር። ሰይድ «ከፊት ሆኜ መቺዋን ካላየሁ የት ላይ እንደምትመነጭቅ አላውቅም» ብሎ ሄዶ ከካርቶኑ አጠገብ ቆመ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ! የመከላከያ መነጽር አድርጎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ እንደ ትምህርት ቤት ዲሬክተር።

«አሁንም ዘለልክ። አንተ ሰው፣ ምላጭ ነው ወይስ ጥርስ የምትነቅለው?»

እተኩሳለሁ፤ እሱ ሄዶ የሰሙን ምልክት በጣቱ ያሳየኛል፤ ይመለሳል፤ እተኩሳለሁ። አንድ ቀን ሳትኩና ጭኑን መታሁት። ሰማያዊ ሆነ። ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። «ለዛህራ ምን ልበላት? ሻማ ተተኮሰብኝ ልበላት?» አለኝ። ቆም ብለን ማሰብ የነበረብን ያን ቀን ነው። ግን ሰም ነው፤ ምን ያደርጋል?

አደኑ ሲከፈት እኔ ጾም ላይ ነበርኩ፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ሳምንት ሆኖታል። ሰይድ ደግሞ ዌርሃውሱ ሰዓት ቀንሶበታል፤ አራት ልጆች አሉት። ያ ሥጋ ክረምቱን የሚያሻግራቸው ነበር። እሱ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ እኔ እስላም ያረደውን አልበላም፤ ይህን ከአገር ይዘነው መጥተናል፣ ኤርፖርት ላይ አልተወረሰብንም። ስለዚህ ስምምነታችን ቀላል ነበር፤ ማንም ይምታ፣ ሰይድ ያርዳል፣ ሥጋው እሱ ቤት ይገባል።

ሚስተር ሮይ ግን ከዋዜማው ጀምሮ አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮናል። «መታችሁ ስትጨርሱ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት። ወድቋል ብላችሁ እንዳትሮጡ።»

ሰይድ በአማርኛ ወደ እኔ ዞረና «ግማሽ ሰዓት ከቆየሁማ በክት ነው የማነሣው» አለኝ።

«ምን አለ?» አለ ሽማግሌው።

«እሺ አለ» አልኩት። አስተርጓሚ ነኝ ብዬ አልፎክርም።

የዚያ ዓመት የመጀመሪያው በረዶ ጥሎ ነበር፤ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ ግን ለዱካ የሚሻል ወረቀት የለም። አዳኝ ከሩቅ የሚለይበትን ብርቱካንማ ሰደሪያችንንና ቆባችንን አድርገን ገባን። ጅረቱ ዳር አንድ ዱካ አገኘን፤ ሰፊ፣ ጫፉ የደነዘዘ፣ ከኋላው የሁለቱ ትናንሽ ጥፍሮች ምልክት ጠልቆ የታተመ። ከባድ ወንድ ነው። እርጥቡ በረዶ ላይ የዱካው ጠርዝ ገና አልተፈረፈረም። ከፍ ብሎ ደግሞ ቀንዱን ያሸበት ግንድ፣ ልጡ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ነፋሱ ከጅረቱ ወደ እኛ ነው። እኔ አንድ ወፍራም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሰይድ በግራዬ፣ ሠላሳ እርምጃ ላይ፣ ጠመንጃውን ይዞ አደፈጠ።

ፀሐይ ኮረብታውን ስትነካ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት ቀንዱን አልነበረም፤ ትንፋሹን ነው፣ ከቁጥቋጦው በላይ እንደ ጭስ። ሃያ አምስት እርምጃ ላይ ጎኑን ሰጠኝ። ምላጩን ሰይድ እንዳስተማረኝ ሳብኩት። ስንት ሳምንት «ጧ» ሲል የለመድኩት ሽጉጥ ኮረብታውን አናጋው። አጋዘኑ በፊት ጉልበቱ ወደቀ፣ ከዚያ አንድ የወደቀ ግንድ ፊት በጎኑ ተጋደመ። እግሩ ሁለት ጊዜ በረዶውን ጫረና ቆመ።

ሰይድ ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደግፎ ቢላዋውን መዘዘ። «ሰይድ፣ ቆይ!» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ በአፌ ይሁን በልቤ አላውቅም። በፊቴ አቋርጦ ሮጠ። በጋራዡም እንደዚሁ ነበር፤ እኔ ተኮስኩ፣ እሱ ወደ ካርቶኑ ሄደ። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

እኔም ተነሥቼ ተከተልኩት። አሥር እርምጃ ሲቀረኝ እሱ አንዱን ቀንድ ጨብጧል። የአጋዘኑ ዓይን የተከደነ ነበር። የሞተ አጋዘን ዓይኑን አይከድንም፤ ይህንን ያወቅነው በኋላ ነው። ጥይቴ ከፍ ብሎ የጀርባ አጥንቱን ነክቶ አደነዘዘው እንጂ አልገደለውም።

ተነሣ። ሰይድን ከነቢላዋው ገፍቶ ከግንዱ ጋር አጣበቀው። አንደኛው የቀንድ ጫፍ ጭኑ ውስጥ ገባ። አልጮኸም። «ታዴ!» አለ ብቻ፤ አንድ ጊዜ።

ሽጉጤ ወደ ላይ ወጥቷል። ማን እንዳወጣው እንጃ። የአጋዘኑ አንገት እዚህ፣ የሰይድ ቆብ እዚያ፤ መሃላቸው አንድ ክንድ አይሞላም። ያን ክንድ አውቀዋለሁ። ጋራዥ ውስጥ መቶ ጊዜ ተኩሼበታለሁ፤ ያው አሥር እርምጃ፣ ያው ሰው፣ ያው ጎን። እጄ የተማረችው አጠገቡ ሰው ቢቆም ምንም እንደማይሆን ነው። ጣቴ ሳበች። መቺዋ ብረት ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ስሙኝ፤ እጅ ሰምና እርሳስ አይለይም።

አጋዘኑ አንገቱን ጠመዘዘ፤ የሰይድ ቆብ ማነጣጠሪያዬን ሞላው። ብርቱካን ብቻ ነው የማየው። ግማሽ መንገድ የሄደች ምላጭ መልሶ መልቀቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ልነግራችሁ አልችልም። አንዳንድ ቀን እስካሁን የምለቅቃት ይመስለኛል።

ሽጉጡን ማኅደሩ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። ከኋላው መጥቼ ሁለቱን ቀንዶች ያዝኩና በሙሉ ክብደቴ ጎተትኩ። ጎማ በመሸከም የተሠራ ትከሻ አለኝ፤ ያን ቀን የጠቀመኝ እሱ ነው። የአጋዘኑ ራስ ወደ እኔ ሲዞር ሰይድ ነጻ ወጣ። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ሲል ሰማሁት። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እኔም በልቤ በስመ አብ አልኩ። ቢላዋው አንገቱን ሲያልፍ ሙቅ ነገር እጄ ላይ ፈሰሰ፤ የማን ደም እንደሆነ መጀመሪያ አላወቅሁም።

ቀበቶዬን ፈትቼ ጭኑን ሳስር ሚስተር ሮይ ተኩሱን ሰምቶ ባለ አራት ጎማ ሞተሩን እያስጮኸ ደረሰ። ቁስሉን አየ፣ ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ሰይድን ሞተሩ ላይ አወጣነው። ከዚያ ቀና ብሎ በረዶውን አየ። በረዶው ሁሉን ጽፎታል፤ የእኔን መቀመጫ፣ በፊት ለፊቱ አቋርጦ የሄደውን የሰይድ ዱካ፣ አሥር እርምጃ ላይ እግሬን አንፈራጥጬ የቆምኩበትን። ሽማግሌው ዱካውን በዓይኑ ተከትሎ ጨረሰና በዝግታ ጠየቀኝ።

«ጣትህ የት ነበረች?»

«ውጪ» አልኩት። «ምላጩ ላይ አልነበረችም።»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ብዙ ነገር ሸፋፍኜ አውቃለሁ። እንደዚያች ቃል የከበደኝ ግን የለም። ሽማግሌው ሞተሩን አስነሣ።

ሰይድን ሰፉት። ዳነ፤ እግሩ ግን ሳብ እንዳለች ቀረች። ሥጋው ቤቱ ገባ። ዛህራ መጀመሪያ የጠየቀችው «አረድከው?» ብላ ነው። «በሕይወቱ» አላት። ከዚያ በኋላ ነው ሁለታችንንም የሰደበችን።

በጸደይ ልምምዱን ልንጀምር ስንል ሰይድ ከዌርሃውስ አንድ ጥቅል ቀይ ቴፕ ይዞ መጣ። በዚያ አልታጠፍ በሚለው እግሩ እንደ ምንም ተንበርክኮ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወለሉ ላይ ለጠፈው።

«ሽጉጡ መዘውሩ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ ይህን የሚያልፍ የለም።»

«ለሰም?» አልኩት።

«ለሰም።»

አጋዘኑ አስፈርቶት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ሊሞላን ደረሰ።

ባለፈው መስከረም ከከተማው ዳር፣ ጋሃና ጎማ አድርሰን ስንመለስ እሱ ይነዳ ነበር። ኤርፖርቱን እንዳለፍን ከአፌ ወጣ።

«ሰይድ፣ የዚያን ቀን ጣቴ ምላጩ ላይ ነበረች። ስቤያለሁ።»

ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ግንዱ ላይ ተጣብቄ አንተን ነበር የማየው። መቺዋ ወደ ኋላ ስትሄድ አየኋት። አሳሳብህ ለስላሳ ነበር፣ ወላሂ። ጥሩ ተማሪ ነህ።»

መሳቅ አልቻልኩም። «ለምን ዝም አልክ?»

«አንተስ?» አለኝ። ጥቂት እንደነዳ ደግሞ «ከካርቶኑ አጠገብ ቆሜ ተኩስ ብዬ ያስለመድኩህ እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልክሰስህ? ስትመለስም አይቻታለሁ፤ አብሽር» አለኝ። 

(«ጨምረህ እንዳታወራ» ይለኛል አሁን ከበሩ። አልጨመርኩም።)

ሰም ጥሩ አስተማሪ ነው፤ እጅ ያለዝባል፣ ዓይን ያቀናል። ግን አያስፈራም፤ መፍራትን ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። እኛ ያመጣንበትን ቦታ ነገርኳችሁ። ቴፑ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ የጎማ ጋሪው ይልጠዋል፤ ሁልጊዜ ተንበርክኮ የሚለጥፈው ሰይድ ነው፣ ሌላ ሰው አያስነካም።

እስካሁን ምልክቱን ሊያይ ሲሄድ መስመሩ ላይ ይቆምና «ክፍት ነው?» ይለኛል። መዘውሩን ከፍቼ፣ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እጄን አንሥቼ «ክፍት ነው» እለዋለሁ። ብቻዬን በምለማመድበት ቀንም መስመሩ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። በባዶ ጋራዥ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ዞሬ አይቼ፣ ራሴው እመልሳለሁ፤ ከዚያ ነው የማልፈው።