አጥንት ሰባሪውን ስንጠብቅ

ባለቤቴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ የባቄላ እሸት መፈልፈል ነበር። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷልና በጣቱ እየዳሰሰ ይፈለፍላል፤ ቅርፊቱን ከፍሬው ይቀላቅልብኛል። ተቆጣሁት፤ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ ዐረፈ። እሸት ሲሸተኝ አሁንም ጎጆ የምትባለው፣ መጀመሪያ አብረን የኖርንባት የደጋ ከተማ ትመጣብኛለች፤ የመስቀል ሰሞን፣ ጭጋጉ ከገብሱ ላይ ሲነሣ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ አስተማሪ፣ እሱ ጤና ረዳት፣ አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። አሞራ ማየት እንወድ ነበር፤ ሰው እንዳይስቅብን ግን አንናገርም። ከሁሉ በላይ የምንመኘው አጥንት ሰባሪውን ነበር። ደረቱ የዛገ ብረት የሚመስል፣ አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ዐለት ላይ የሚጥል፣ ሲሰበርለት መቅኒውን የሚበላ ትልቅ አሞራ ነው። ሲጥል ማየት ነበር ምኞታችን።

አንድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። እሱ "ክትባት አለብኝ" ብሎ አስፈቀደ። አሮጌ የክትባት ሣጥን ይዘን ወጣን፤ ውስጡ ከቅርጫችን የተረፈ አጥንት ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ደርድረን ቁጥቋጦ ሥር ተደበቅን። እርጥብ ሣር ይሸታል፤ ከታች ወንዙ ይጮኻል። አንድ አዛውንት ገበሬ በዚያ ሲያልፉ አዩንና በኦሮምኛ ሰላም አሉን።

"እነ ዶክተር፣ አካም ጅርቱ! ለድንጋይም ክትባት መጣ እንዴ?"

እየሳቁ ሄዱ። ቁራው መጣ፣ ጥንብ አንሣው መጣ፤ አጥንት ሰባሪው የለም። ከቀትር በኋላ ተነሥቼ አንዱን አጥንት አገላበጥኩት። መሐሉ ባዶ ነው።

"ይህን በመጥረቢያ የፈለጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ። ለቅቅሉ አልሽኝ እኮ።"

"መቅኒውን እኛ በልተን፣ ለእሱ ምን ተረፈው?"

ምን ልበላችሁ፣ መንገዱን ሁሉ ስንስቅ ገባን።

ከዚያ ወደ አምቦ ተዛወርን፤ ልጆች መጡ። ሲመቸን ሙሉ አጥንት ይዘን ጎጆ እንወጣለን። ንስር አየን፣ ጭላት አየን። አጥንት ሰባሪውም ከሩቅ አልፎ ያውቃል፤ ሲጥል ግን አላየነውም። ኋላ የባለቤቴን ዓይን ጉም ለበሰው። ሐኪሞቹ "አይመለስም" አሉን። ሳያይ ሊቀር ነው ብዬ ያዘንኩት ያኔ ነው።

እኔ ነኝ እንሂድ ያልኩት። ክንዴን ይዞ ቀስ እያለ ወጣ። ያን ቀን አሞራው መጣ። አጥንቱን አንሥቶ ዞረ፣ ከፍ አለ፣ ለቀቀው።

"ጣለው!"

"ቆይ፣ አትንገሪኝ።"

ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። አጥንቱ ዐለቱን ሲመታ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ።

"አልተሰበረም" አለ። "ደግሞ ያነሣዋል።"

እውነቱን ነው፤ አነሣው። እንደገና ጣለው፤ እንደገና አነሣው። ባለቤቴ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል።

"አሁን!" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። "አሁን ተሰበረ!"

እኔ የሱን ፊት እያየሁ ነበርና ሲሰበር አላየሁም።

አሁን በዓመት አንድ ጊዜ በማለዳ መኪና ጎጆ እሄዳለሁ። ገደሉ አፋፍ ጥቂት ተቀምጬ፣ ሳይመሽ አምቦ እመለሳለሁ።