ሊና ከሩብ ሰፈር

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ወንድሙ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሲከፍት፣ ቧንቧው «ፍሽሽሽ» ብሎ ነፋስ ተፋበት። ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለእሱ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። «አሁንስ በዛ! ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ይዋል እንዴ?» እያለ ሲንጎራደድ እኔ ሳቄ መጣ። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ውስጤ እፎይ ይላል። ምክንያቱን እሱም ያውቃል፤ ሲናደድ ግን ይረሳዋል።

ሁለታችንም የተማርነው ቦሌ ነው፤ ያኔ ወደ ሩዋንዳ ሰፈር የሚወስደው መንገድ ግማሹ አቧራ ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ጋሼ የምንላቸው፣ ፀጉራቸው የሸበተ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያውን የኤለመንቶች ምድብ እንዳንረሳ ምልክቶቹን እንደ አማርኛ አስነበቡን፤ ሊ፣ ና፣ ከ፣ ሩብ፣ ሰ፣ ፈር። ሲገጣጠም «ሊና ከሩብ ሰፈር»! ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም እያልን ከመደናበር ገላገሉን።

«የሊና ቤተሰቦች» ይሉ ነበር ጋሼ፣ «ያለቻቸውን አንዲት የዳር ኤሌክትሮን ለማን ልስጥ እያሉ ሲንቀለቀሉ የሚኖሩ ናቸው። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ችኮላቸው ይብሳል። በሰንጠረዡ ቀኝ ጫፍ ያሉት ጋዞች ግን ሞልቶላቸዋል፤ ከማንም አይደርሱም።» እኔ ራሴን ከጋዞቹ እመድብ ነበር። ወንድሙ ግን እንኳን ያኔ ዛሬም የሊና ዘመድ ነው።

ጥር ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰሞን፣ ጋሼ ሶዲየምን በዓይናችን ሊያሳዩን ብልቃጥ ይዘው መጡ። አየርና ውሃ እንዳያገኘው ነጭ ጋዝ ውስጥ የተነከረ፣ ቢላ እንደ ቅቤ የሚቆርጠው ብረት! «አንቺ፣ ነይ እስቲ ወረንጦውን ያዥልኝ» አሉኝና በጠረጴዛውና በግድግዳው ጥግ መካከል ገብቼ ቆምኩ። ምስር የምታክል ቁራጭ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ጣሉ። እየተንጫጫች ውሃው ላይ ስትሮጥ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ጧ አለችና ፍንጣሪዋ የቀረው ትልቁ የሶዲየም ጉማጅ የተቀመጠበት፣ ነጭ ጋዝ የጠጣ ወረቀት ላይ አረፈ። ወረቀቱ ቦግ አለ፤ ጉማጁም በቢጫ ነበልባል ተያያዘ። እኔ ጥጉ ውስጥ ቀረሁ፤ መውጫዬን እሳቱ ዘጋው።

በሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ወንድሙ ባልዲ አንስቶ ወደ ግቢው ቧንቧ በረረ። ጋሼ ከኋላው «ና ነው! ና ነው እኮ!» እያሉ ጮኹ። ሶዲየም ነው ማለታቸው ነበር። ውሃ ከተደፋበት ፈንድቶ ፊቴ ላይ እንደሚረጭ እኔ ገብቶኛል፤ ለመጮህ አፌን ስከፍት ግን ጢሱ አሳለኝ። ወንድሙ የሰማው «ና! ና!» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቶሎ በል ያሉት መስሎት ባሰበት። እመቤቴ ድረሽልኝ ብዬ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ።

በመስኮቱ በኩል የመጣው ድምፅ «ፍሽሽሽ» ነበር። ያን ቀን የእኛ ሰፈር የውሃ ፈረቃ አልነበረም ለካ!

ጋሼ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «አሸዋ! ደረቅ አሸዋ ሙላበት!» አሉት። አዲስ ክፍል እየተሠራ ስለነበር የአሸዋ ክምር እዚያው ቧንቧው ጎን ነበር። ወንድሙ እየሮጠ መጥቶ ሲደፋበት እሳቱ ታፈነ፤ ጢሱ ብቻ ቀረ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉና «ተመስገን! ውሃ መጥፋትም ለካ ይመሰገንበታል» አሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ ወንድሙ ፓስቲ ገዛልኝ፤ ትኩስ፣ ዘይቱ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ያራሰ። «ና ሲሉኝ መጣሁ እንጂ እኔ ምን አውቄ?» አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳያልቅ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። እፎይታም እንደሚያስለቅስ ያን ቀን አወቅሁ።

እነሆ ዛሬም ባዶ ባልዲ ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ያጉረመርማል።

«ወንድሙ» አልኩት፣ «ያን ቀን ውሃ ቢኖር ኖሮ፣ ይህን ፊትህን፣ ታጠበም አልታጠበም፣ የማይበት ዓይን አይኖረኝም ነበር።»

ባልዲውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሄዶ ቧንቧውን እንደገና ከፈተው።

«ይንፋ» አለ፤ «ዛሬ እንኳ ይንፋ።»